አርባ ሰከንድ

ኦይቫ ማጉያውን በሸርተቴ ጭኖ፣
ከሱቄ ደረሰ፣ ጢሙ በበረዶ ተከድኖ።
«ሃያ ስምንት ኪሎ ነው» አለኝ ትንፋሹን ሰብስቦ፣
«ወገቤም ሰባ ዘጠኝ ሞላው፣ ዓመት በዓመት ተደርቦ።
የታምፔሬን ደረጃ ከእንግዲህ ይዤው አልወጣም፤
ያለ እርሱ ብጫወት ግን ጣቴ ጣቴ አይመስለኝም።
ጉልበቱ ይቅርብኝና ቃናውን ብቻ ቅጂልኝ፤
በትንሽ ሣጥን፣ በመዳፍ፣ በኪሴ ልክ አድርጊልኝ።»

መቅዳቱስ ቀላል ነው፣ ውሃም ከምንጭ ይቀዳል፤
ግን ባልዲው ሲሞላ ምንጩ ወዴት ይሄዳል?

ጀርባውን ፈታሁት።
አቧራ፣ የሞተች የእሳት እራት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሽቦ፣
አራት የብርጭቆ አምፖል፣ ደረታቸው በጥላሸት ተከብቦ።
ስሰካው ዝም አለኝ። ቆይቶ፣ ከሥር ከሥሩ፣
ፍም የመሰለ ነገር፤ አምፖሎቹ ቀስ ብለው በሩ።
ከዚያ እምምታ፣ ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ ማታ።
በስሱ ሲነካው ድምፁ ጠራ፣ እንደ ውርጭ፣ ለአፍታ፤
ጠበቅ ሲያደርገው ግን ሻከረ፣ ጫፉ ላይ ሊሰበር፣
ሊሰበር ብሎ ሳይሰበር፣
እንባውን ውጦ እንደሚያወራ ሰው ነበር።

ሥራ ጀመርኩ። ሞገዱን በመለኪያው መስኮት አየሁት፤
አናቱ የት እንደሚለዝብ፣ የት እንደሚደፈጠጥ ሣልኩት።
የጉንዳን እግር ያላቸው ትራንዚስተሮች ደረደርኩ፣
ስታኞ አቀለጥኩ፣ ጣቴን ሁለት ጊዜ ጠበስኩ፣
በሦስተኛው ሳምንት ሣጥኑን እግሩ ሥር አኖርኩ።
ረገጠው። መታ። ጆሮውን አዘነበለ።
«እርሱ ነው» አለኝ። ቆይቶም፣ «እርሱስ አይደለም» አለ።

ተናደድኩ። መስመሩ ከመስመሩ ገጥሟል፣ ምኑ ጎደለ?
«ቅዳሜ ማታ» አለ፣ «በሐይቁ ዳር ዳንስ ቤት፣
ኩሽናው የቋሊማውን ምድጃ ሲለኩስ በድንገት፣
መብራቱ ይደክምና የማጉያው ወገብ ይላላል፤
ያን ጊዜ ድምፁ ይለሰልሳል፣ እንደ ሊጥ ይለጠጣል።»
ጨመርኩለት። አንዲት ቁልፍ፣ ኃይሉን ቆንጥራ የምትቀማ፤
በእስክርቢቶ ጻፍኩባት ከሥሯ፦ ቋሊማ።
ሳቀ። ተጫወተ። ራሱን ነቀነቀ ግን ደግሞ።
ምን እንደጎደለ አያውቀውም፤ እንደ ጠፋ ስም፣ ምላሱ ላይ ቆሞ።

ሊያሳየኝ ብሎ አሮጌውን አበራ። ያኔ ነው ያየሁት።
ማብሪያውን ጠቅ አደረገ፣ ቀና አለ፣ አገጩን አነሣ፤
ግድግዳዬ ላይ ወዳለው የቀን መቁጠሪያ አየ፣ ጊታሩን ረሳ።
«ምን ታያለህ?»
«እስኪሞቅ ነው። አርባ ሰከንድ ይወስዳል» አለኝ ቀስ ብሎ፣
«ጣት ሥራ የለውም፤ ዓይን ነው የሚሄድ፣ ሕዝቡን ከፍሎ።
እዚያ መዝጊያው ጋ፣ አውኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣
ቦት ጫማዋን አውልቃ፣ የዳንሱን ከቦርሳ ስታወጣ...»
አልጨረሰም።
እኔም አልጠየቅኩም።

ያን ማታ አንድ ካፓሲተር ጨመርኩ፣ ዋጋው ሠላሳ ሳንቲም፤
ከሚያፈስ ጣሪያ ሥር እንዳለ ባልዲ፣ ጠብ ጠብ እያለ የሚሞላ፤
እስኪሞላ ድምፅ የለም፣ ምንም።

ሰኔ ነው። ፀሐይ አልጠልቅም ብላለች፤ ዳንስ ቤቱ ሞልቷል።
ኦይቫ ሣጥኑን ከኮቱ ኪስ አውጥቷል።
አንድ ጫማውን አወለቀ። «ወዳጅ በሶል አይረገጥም»፤
በሱፍ ካልሲው ተጫነው።
ምንም።
ቤዝ መቺው ልጅ፣ ራስሙስ፣ ገመድ ሊነካካ ተንበረከከ፤
«ተበላሽቷል!» አለ። ከኋላ ሕዝቡ ተንሾካሾከ።
ሽማግሌው አገጩን አነሣ። ዓይኑ ወደ መዝጊያው ሄደ፤
አግዳሚው ላይ የሰው ጃኬት አለ፣ እጅጌው ወደ መሬት የወረደ።
ሣጥኑ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ፈዛ ቆማለች።
እኔ በልቤ እቆጥራለሁ፤ ከንፈሬ ትንቀሳቀሳለች፦
ሠላሳ ሰባት፤
ሠላሳ ስምንት፤